ጠርሙሱን ከመቀየርዎ በፊት፦ አርባን ተሻግረው መጠጥ ለሚቀንሱ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ዕድሜያቸው አርባን ተሻግሮ፣ ሐኪም ስለ ጉበታቸው ወይም ስለ ደም ግፊታቸው አስጠንቅቋቸው፣ ወይም ራሳቸው «በቃኝ» ብለው ከቢራ ወደ ማልት፣ ከአረቄ ወደ አምቦ ውሃ ለመሻገር ለቆረጡ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተጻፈ ነው። ውሳኔው የሚመሰገን ነው፤ ማንም ሊያደናቅፈው አይገባም። ሆኖም ብዙ ሰው የሚጠይቀው «በምን ልተካው?» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ አስቀድሞ መመለስ ያለበት «እስከ ዛሬ ምን ያህል፣ በየስንት ቀኑ ስጠጣ ኖርኩ?» የሚለው ጥያቄ ነው። እንደ መልሱ፣ ለአንዱ ጠርሙስ መቀየር ቀላል ነገር ይሆናል፤ ለሌላው ግን ያለ ሐኪም ከሞከረው በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

በዚህ ዕድሜ ምን ይለወጣል?

በሃያ አምስት ዓመቱ አምስት ቢራ ጠጥቶ በማግስቱ በሰዓቱ ሥራ የሚገባ የነበረ ሰው፣ በሃምሳ ዓመቱ በሁለተኛው ቢራ አንደበቱ ሲተሳሰር ይገረማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይቀንሳል፤ በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃም አብሮ ያንሳል። አልኮል የሚሰራጨው በዚያ ውሃ ውስጥ በመሆኑ፣ መጠጡ ሳይጨምር በደም ውስጥ የሚገኘው የአልኮል መጠን ከፍ ይላል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለበት። ተመሳሳይ ጥንካሬ ያለው ግማሽ ሊትር ድራፍት ወደ 20 ግራም ይጠጋል።

ለእንቅልፍ ብለው የሚጠጡም አሉ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ጠጪው ሳይነጋ ነቅቶ ጣሪያ ሲያይ ያድራል። ከዚህ በላይ የሚከብደው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ቤት ውስጥ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ከጠጣ፣ ጉበቱ ስኳር ማምረቱን ስለሚያቋርጥ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ያልበዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል፤ ያየውም ሁሉ «ሰክሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ ያስገባው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫም ለጤና ፈጽሞ አያሰጋም የሚባል የመጠጥ መጠን እንደሌለ አስታውቋል። እንግዲህ መቀነሱ ተገቢ ስለመሆኑ ክርክር የለም። ጥንቃቄ የሚያሻው አቀናነሱ ላይ ነው።

በአንድ ቀን ማቆም የሌለበት ማን ነው?

በሳምንት አንዴ፣ በዓልና ግብዣ ሲኖር ብቻ የሚጠጣ ሰው ዛሬውኑ ቢያቆም አካሉ ብዙም አይጎዳም። ከሚከተሉት አንዱ እንኳ የሚመለከትዎ ከሆነ ግን ያለ ሐኪም በአንድ ጊዜ አያቁሙ፦

በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ። ጠዋት እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ማርከሻ ካልቀመሱ የማይረጋ ከሆነ። ከዚህ በፊት ለማቆም ሞክረው ላብ፣ ቅዠት ወይም መንፈራገጥ አጋጥሞዎት ከነበረ። ከመጠጡ ጋር የሚጥል በሽታ፣ የጉበት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ።

አልኮል አንጎልን ያፈዛል። ለዓመታት በየቀኑ የፈዘዘ አንጎል ደግሞ ሥራውን ለመሥራት ሲል ራሱን እያነቃ ይለምዳል። ገመድ ሲጎተት አንደኛው ወገን በድንገት ከለቀቀ ሌላው ወደ ኋላ እንደሚወድቅ፣ አልኮሉ በአንድ ጊዜ ሲቀር አንጎል በራሱ ንቃት ይናወጣል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራሉ። የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንፈራገጥ በአብዛኛው እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ከሁሉም የከፋው፣ ትኩሳትና ከባድ መቃዠት የሚታይበት ደረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከሰታል። ይህ ደረጃ ካልታከመ ይገድላል።

በእኛ አገር ይህ አደጋ የሚያደባባቸው ቀናት አሉ። ከነዚህ አንዱ የሁዳዴ መግቢያ ነው። በየዕለቱ አረቄ የሚጠጣ ጎልማሳ እሑድ በቅበላው እስኪበቃው ይጠጣና ከሰኞ ጀምሮ ለ55 ቀን ላይቀምስ ይምላል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስኒውን በሁለት እጁ ካልያዘ ቡናው ይፈስበታል። ማታ አንሶላው በላብ ይርሳል። ማክሰኞ ሌሊት ድንገት ይንፈራገጣል። ረቡዕ ማታ ጋቢው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ ይታየዋል፣ ያራግፋል፤ ከሞተ ሰው ጋር ያወራል፤ የገዛ ልጁን «አንተ ማነህ?» ይለዋል። ቤተሰቡም «ሰይጣን ነው፣ መጠጡን ስለተወ ተነሣበት» ብሎ ይደመድምና ወደ ጸበል ይዞት ይሄዳል፤ ወይም እጁን አስሮ እስኪነጋ ይጠብቃል።

በጸበል የሚያምን ሰው እምነቱን እንዲተው የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ከመጠጥ በተለየ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚንፈራገጥ፣ የሚያተኩሰው፣ የሌለ ነገር የሚያይና የሚሰማ ሰው ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው። በመጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ጸበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በጸበል ቦታ የሚያገለግሉ አባቶችም አዲስ የመጣውን ሰው «መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ነፍስ ያድናሉ። ለአምቡላንስ በ907 ወደ ቀይ መስቀል መደወል ይቻላል።

ሌላው አደጋ የሚደርሰው በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። አንድ አባወራ እግሩ ተሰብሮ ይተኛል። ሐኪሙ «ይጠጣሉ?» ሲለው ልጆቹ አጠገቡ ስለቆሙ «አልፎ አልፎ» ይላል። በሦስተኛው ቀን ጉሉኮሱን ነቅሎ ከአልጋ ሲወርድ ሐኪሙ ምክንያቱን ፍለጋ ሌላ ሌላ ምርመራ ያዛል። እውነቱ ቀድሞ ቢነገር ኖሮ ግን መከላከያው በእጅ ነበር። በመጠጥ የከረመ ሰው ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ቢ1 ያንሰዋል፤ ይህ ሳይሟላለት ጉሉኮስ ብቻ ከተሰጠው አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቅ የሚጠጡትን መጠን አይቀንሱ። ሚስት ወይም ልጅም ብትሆኑ፣ ማፈሩን ትታችሁ ሐኪሙን ወደ ጎን ጠርታችሁ ንገሩት።

ሕክምናው አለ። ሐኪሙ የመንቀጥቀጡንና የመንፈራገጡን አደጋ የሚያበርድ መድኃኒት በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሰጣል፤ ቫይታሚኑንም ያሟላል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ ይታወቃል፤ በሌሎች ከተሞች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ይረዳሉ። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ዲያዜፓም ገዝቶ በራስ መሞከር ግን ሌላ ሱስ ነው፤ መጠጡ ከተመለሰበት ደግሞ ሁለቱ ተደራርበው ትንፋሽ ያቆማሉ።

«አልኮል የለውም» ሲባል

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። በገበያ ላይ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ በአሠራራቸው ግን የሚለያዩ ሁለት ዓይነት መጠጦች አሉ። የመጀመሪያው ማልት ነው፤ ከብቅል የሚዘጋጅ፣ በአብዛኛው ያልፈላና ጣፋጭ። ሁለተኛው አልኮል አልባ ቢራ ነው፤ እንደ ቢራ ተጠምቆ አልኮሉ የወጣለት፣ ወይም መፍላቱ ገና በጅምሩ እንዲቆም የተደረገ።

በሁለተኛው ላይ የሚጻፈው ቃል ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ «አልኮል አልባ» ተብሎ የሚሸጥ ቢራ እስከ ግማሽ በመቶ የሚጠጋ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ጀርመንም እስከ ግማሽ በመቶ ትፈቅዳለች። 0.0 የሚል የተጻፈበት ከዚያ ያነሰ ነው። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የምትኖሩ ወገኖች ከሱቅ ስታነሡ ከፊት ያለውን ትልቅ ጽሑፍ ትታችሁ ከጀርባ ያለውን ትንሹን ቁጥር አንብቡ።

ግማሽ በመቶ ለአብዛኛው ሰው ስካር አያመጣም። ነገር ግን ለማቆሚያ ዳይሰልፊራም የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ጉበቱ የተጎዳ፣ ወይም በሃይማኖቱ ጠብታም የማይነካ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ለአሜባና ለጃርዲያ በየክሊኒኩ የሚታዘዘውን ሜትሮኒዳዞል የሚወስዱም ሐኪማቸው «አልኮል እንዳትነካ» ካላቸው ይህንኑ ይጠይቁ።

ከሱስ ለወጣ ሰው ደግሞ ከቁጥሩ የሚከፋው ሽታው ነው። ቀዝቃዛው ጠርሙስ፣ አረፋው፣ መራራ ጣዕሙ፣ ያው ግሮሰሪ፣ ያው ወንበርና ያው ጓደኛ አንድ ላይ ሲመጡ የተኛው ፍላጎት ይነሣል። ስለዚህ ለአንዱ መሸጋገሪያ ድልድይ የሆነው አልኮል አልባ ቢራ ሌላውን መልሶ ይጥለዋል። ጠጥተው ሲጨርሱ «እውነተኛውን አንድ ብቻ» የሚል ሐሳብ የሚመጣብዎ ከሆነ ይህ መጠጥ ለእርስዎ አይደለም፤ ወደ ሌላ ይሂዱ።

የአልኮሉን ቦታ ስኳር ሲይዘው

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካገደ ወዲህ ማልት በሠርጉም በልደቱም ፊት ለፊት መጥቷል። አልኮል ስለሌለበት ብቻ የጤና መጠጥ አድርጎ የሚቆጥረው ሰው ብዙ ነው። ለልጆችም በየጠረጴዛው ይከፈታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በመጠጥና በምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለውን ጨምሮ፣ ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ነው። ጠርሙሱ ላይ «በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር» የሚል ካነበቡ፣ 330 ሚሊ ሊትሩ 33 ግራም ይሆናል፤ ይህ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በግሮሰሪ ሦስት ቢራ ይጠጣ የነበረ ሰው በሦስት ማልት ከተካው በአንድ ምሽት መቶ ግራም ያህል ስኳር ይጠጣል። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ኮላም ከ30 ግራም በላይ ስኳር ስላለበት አይሻልም።

ቀድሞውኑ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው በዚህ መንገድ ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይወድቃል። ሳያውቀው ወደ ስኳር በሽታ እየተጠጋ ያለ ጎልማሳም ጥቂት አይደለም። መጠጥ ሲያቆሙ ጣፋጭ ማማሩ የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ይጠነክራል፤ በዚያ ወቅት በፍሪጅ ውስጥ የሚደረደረው ነገር ልማድ ሆኖ ይቀራል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጠጥ መቀነስዎን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን መታየት ሊያስፈልገው ይችላል።

ጁስ ቤትም እንዲሁ ነው። የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ ፍሬ ስለሆነ አይጎዳም ይባላል፤ መፍጫው ውስጥ የሚጨመረውን ስኳር ግን ቆመው ይመልከቱ። «ስኳር ሳይገባበት» ብለው ቢያዙ የሚቀየም የለም።

በቤት የሚጠመቀው

ከፋብሪካ ይልቅ የቤት ውስጥ መጠጥ ይሻላል የሚሉም ይጠንቀቁ። ብርዝ ትኩስ ሲሆን ማርና ውሃ ነው፤ ካደረና ከሰነበተ ግን ያለ ጌሾም ይፈላል። ያለ ጌሾ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚዘጋጀው መጠጥም እንደዚያው ሲቆይ አልኮል ያበጃል። ቅራሪ ቀጭን ነው እንጂ አልኮል የሌለበት አይደለም። በነዚህ ሁሉ ላይ የሚነበብ ቁጥር የለም፤ ስለዚህ መቼ እንደተጠመቀ ሳይጠይቁ አይጠጡ፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡርም አይስጡ።

«ጥሬ ሥጋ ያለ አረቄ አይበላም፣ ትሉን ይገድላል» ብለው መጠጡን መተው የሚፈሩ አሉ። አረቄ የኮሶን ትል አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው። መጠጡን የተዉ ሰው ሥጋውን ጠብሰው ይብሉ።

በጫት መተካት

ጫት የሚቅም ሰው ብዙውን ጊዜ መጠጡ የጫቱ ጥላ ነው፤ ምርቃናውን ለመስበር ማታ በጨብሲ ይጨርሳል። ይህ ሰው መጠጡን ብቻ ትቶ ጫቱን ከቀጠለ እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ሲያጣ ኪኒን ይፈልጋል፤ ወይም በአራተኛው ሌሊት ወደ ጨብሲው ይመለሳል። ሁለቱን አብሮ አስቦ መቀነስ ያስፈልጋል። ሲጋራ ማብዛትና ቡና መደራረብም የግፊት ሕመምተኛን ያውካል። ከምሳ በኋላ ያለውን ቡና ማስቀረት ለእንቅልፍ ይረዳል።

ታዲያ ምን ይጠጣ?

ምርጫው ሰፊ ነው። ሎሚ የተጨመቀበት አምቦ ውሃ በብርጭቆ ሲቀርብ ከቢራው ጠረጴዛ አያሳፍርም፤ ግፊት ያለበት ሰው ግን በማዕድን ውሃው ጠርሙስ ላይ የሶዲየሙን መጠን ይመልከት። የሱፍ ውሃና የተልባ ውሃ፣ ማርና ስኳር ሳይበዛባቸው፣ ለጾምም ለፍስክም ይሆናሉ። ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ፣ ዝንጅብል፣ ስኳር የሌለበት ቡና አሉ። ማልት ወይም አልኮል አልባ ቢራ የሚወዱ ከሆነ በአንድ ምሽት አንድ ይጠጡ፤ ጥማቱን በውሃ ይቁረጡ።

መጠጥ ፈጽመው ሳያቆሙ የሚቀንሱ ደግሞ በባዶ ሆድ አይጀምሩ፤ በሁለት ብርጭቆ መካከል አንድ ውሃ ያስገቡ፤ በሳምንት ምንም የማይጠጡባቸውን ቀናት አስቀድመው ይወስኑ። ከላይ የጠቀስናቸው የሱስ ምልክቶች ያሉበት ሰው ግን ይህንንም በሐኪም ምክር ያድርገው።

ለጋባዦችና ለጓደኞች

በድግስ ላይ «በሞቴ»፣ «ካልጠጣህ እኔም አልጠጣም»፣ «ለአንድ ብርጭቆ ምን ትሆናለህ?» ማለት የፍቅር ይመስላል። የተጋበዘው ሰው ግን በኪሱ የያዘውን መድኃኒት፣ ባለፈው ወር የሰማውን የጉበት ውጤት፣ ወይም ለሚስቱ የገባውን ቃል በጠረጴዛ ላይ ማውጣት አይፈልግም። አንዴ «አልጠጣም» ካለ ይበቃል። ለቀልድ ብሎ በማልት ውስጥ አረቄ ጠብ ማድረግ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ መድኃኒት ላይ ያለን ሰው ሆስፒታል ያስገባል፣ የጾመኛን ጾም ያስፈታል፣ መኪና የሚነዳውን ለአደጋ ይዳርጋል። የሠርግና የማኅበር ደጋሾች ውሃና ያልጣፈጠ መጠጥ እንደ ቢራው ቀዝቅዞ፣ በዚያው ረድፍ እንዲቀርብ ቢያዙ፣ ለማንሣት የሚያፍር ሰው አይኖርም።

በመጨረሻም መቀነስ ያሰበ ሁሉ ይህን ይፈጽም፦ ከመጀመሩ በፊት ባለው አንድ ሳምንት የጠጣውን በየዕለቱ፣ ከነመጠኑና ከነሰዓቱ፣ ሳይቀንስ በወረቀት ይጻፍ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከሥሩ ይዘርዝር። ወረቀቱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድና «ይህን ለማቆም አስቤያለሁ፤ በአንድ ጊዜ ላቁም ወይስ በሕክምና?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ ያስመለሰ ሰው ማልቱንም፣ አምቦውንም፣ የተልባውንም ውሃ ያለ ስጋት ይመርጣል።